የተዋሱትን ውሃ መመለስ
ትንንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ለሰፈሩና ለወንዙ ምን ይሰጣሉ?

የውሃ ወፍጮ ባለበት መንደር ያደገ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ የመጣው ውሃ በተቦረቦረ ግንድ ቁልቁል ይወረወራል፤ ከወፍጮ ቤቱ ወለል በታች አግድም የተኛውን የእንጨት መንኮራኩር ይመታዋል፤ መንኮራኩሩ ዘንጉን፣ ዘንጉ ደግሞ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል። እህሉ ይደቃል። ውሃውስ? ሥራውን ጨርሶ በወለሉ ሥር ሾልኮ ይወጣና ከወንዙ ይቀላቀላል። አልተቃጠለም፣ አልጎደለም፣ አልቆሸሸም። ከታች ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ውሃው ከላይ የሰው ማሽላ ፈጭቶ እንደመጣ በምንም አታውቅም።

አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የእንጨቱ መንኮራኩር በብረት ተርባይን፣ የወፍጮው ድንጋይ በጄኔሬተር ይተካል እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ ከወንዙ ውሃ ይዋሳሉ፣ ያሠሩታል፣ ይመልሱታል። ጎረቤት ምጣድ ተውሳ፣ ጋግራ፣ ወልውላ እንደምትመልሰው ማለት ነው። ውሰት ግን ደንብ አለው። በሰዓቱ መመለስ አለበት፤ እንደነበረ መመለስ አለበት፤ ባለቤቱም በተዋሱት ዕቃ ምክንያት ጦሙን ማደር የለበትም። የእነዚህ ማመንጫዎች ጥቅም ሁሉ፣ ለሰውም ሆነ ለአካባቢ፣ በዚህ ደንብ መጠበቅ ላይ የቆመ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ጀምረን እንየው።

ሁለት ቁጥሮች

ከአንድ ወንዝ ምን ያህል ኃይል እንደሚገኝ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በሰከንድ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚመጣና ያ ውሃ ከስንት ሜትር ከፍታ እንደሚወርድ። ሁለቱን እናባዛና ውጤቱን የመሬት ስበትን በሚወክለው 9.81 ደግመን እናባዛው። የምናገኘው ቁጥር የውሃው ጉልበት በዋት ነው።

በሰከንድ 150 ሊትር የሚፈስበት ጅረት አለ እንበል። ይህ በየሰከንዱ ሰባት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደመገልበጥ ነው። ጅረቱ 20 ሜትር፣ ማለትም የባለ ስድስት ፎቅ ቤት ያህል ከፍታ ቢወርድ፣ 150 ሲባዛ በ20፣ ሲባዛ በ9.81 ወደ 29,400 ዋት ይመጣል፤ 29.4 ኪሎዋት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን አምፖል ዘንድ አይደርስም። ጥቂቱ በቧንቧው ግድግዳ ፍትጊያ፣ ጥቂቱ በተርባይኑ፣ ጥቂቱ በጄኔሬተሩ ይቀራል። በገጠር በሚተከሉ ትንንሽ ማመንጫዎች ከመቶ 65 ያህሉ እጅ ከገባ ደህና ነው። ስለዚህ የእኛ ጅረት ወደ 19 ኪሎዋት ይሰጣል። ይህን ቁጥር እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ይታያል። ከፍታና ብዛት አንዱ ሌላውን ይተካል። ብዙ ውሃ ያለው ሜዳማ ወንዝና ቀጭን ሆኖ ከገደል የሚወርድ ምንጭ እኩል ኃይል ሊሰጡ ይችላሉ። ተራራማ አገር የታደለው ለዚህ ነው፤ ትልቅ ወንዝ ባይኖረው እንኳ ከፍታው አለው። ከፍታ ያለው ውሃ ደግሞ በጠባብ ቧንቧና በትንሽ ተርባይን ስለሚሠራ ወጪው ይቀንሳል።

ውሃውን መለካትም የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም። ምንጩ ትንሽ ከሆነ በሙሉ ወደ አንድ በርሜል ይመልሱትና በርሜሉ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቆጥራሉ። ሰፋ ያለ ከሆነ ቀጥ ያለ ቦታ ተመርጦ የውሃው ወርድና ጥልቀት ይለካል፤ ከዚያ ተንሳፋፊ ቁራጭ እንጨት ይጣልና አሥር ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ሰከንድ ይያዛል። ከሥር ያለው ውሃ ከላይኛው ስለሚዘገይ ከውጤቱ ሩብ ያህል ይቀነሳል። ዋናው ነገር የሚለካበት ወቅት ነው። በነሐሴ ለክቶ ማመንጫ የሚያቅድ ሰው በመጋቢት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። የወንዙ እውነተኛ አቅም የበጋው ነው።

ከውሃው ጋር ቁልቁል

አሁን ከጠለፋው ተነስተን ከውሃው ጋር እንውረድ። በወንዙ ላይ የሚሠራው ከጉልበት ብዙም የማይበልጥ ዝቅተኛ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ክትር ነው። ሥራው ውሃ ማጠራቀም ሳይሆን ከወንዙ የተወሰነውን ወደ ቦዩ ማዞር ነው። በቦዩ አፍ ላይ ቅጠልና ግንድ የሚያስቀር የብረት ወንፊት ይቆማል። ቀጥሎ ሰፋ ያለ የደለል ማስቀመጫ ገንዳ ይመጣል፤ ውሃው ስለሚሰፋለት ይዘገያል፣ ሲዘገይ የያዘውን አሸዋ ይጥላል። አሸዋ ለተርባይን እንደ ሞረድ ነው፤ በፍጥነት እየመታ የብረቱን ምላጭ ይበላዋል።

ቦዩ የተራራውን ወገብ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ከፍታውን ሳያባክን ይሄዳል። ወንዙ ግን ከጎኑ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ቦዩና ወንዙ በተራራቁ ቁጥር በመካከላቸው የሚፈጠረው ከፍታ ሀብት ይሆናል። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሌላ ገንዳ ውሃውን ያረጋጋዋል፤ ከዚያ በተዘጋ ቧንቧ ወደ ታች ወዳለው ማመንጫ ቤት ይለቀዋል።

ማመንጫ ቤቱ አንዲት ክፍል ልትሆን ትችላለች። ውስጧ ተርባይን አለ። ውሃው ጥቂት፣ ከፍታው ብዙ ከሆነ አሜሪካዊው ሌስተር ፔልተን እ.ኤ.አ. በ1880 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት ይመረጣል፤ በዙሪያው ጥንድ ጥንድ ማንኪያ የመሰሉ መቀበያዎች የተሰለፉበት ጎማ ሲሆን፣ ውሃው በጠባብ አፍንጫ ተወርውሮ ይመታዋል። ከፍታው መካከለኛ ለሆነ ቦታ የሚስማማው ክሮስፍሎው የሚባለው ነው። በርሜል የሚመስል ጎማ ነው፤ ውሃው ከአንድ ወገን ገብቶ ምላጮቹን ይመታል፣ በመሐሉ አልፎ በሌላው ወገን ሲወጣ ዳግመኛ ይመታቸዋል። ውሃ ባነሰበት ወቅትም ብዙ ሳይዳከም ይሠራል፤ ደህና የብረታ ብረት ወርክሾፕም ቆርጦና በይዶ ሊያወጣው ይችላል። የሚሠራው በአገር ውስጥ እጅ ከሆነ ጠጋኙም በአገር ውስጥ ይገኛል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። ሰፈሩ መብራት አጥፍቶ ሲተኛ በተርባይኑ ላይ ያለው ሸክም በድንገት ይቀልለታል፤ ጭነት የወረደለት አህያ እንደሚፈረጥጥ እሱም ይፈጥናል፤ ቮልቴጁ ይዘላል፣ የቀሩት አምፖሎች ይቃጠላሉ። ይህ እንዳይሆን የጭነት መቆጣጠሪያ የሚባል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይገጠማል። ማንም ያልተጠቀመበትን ኃይል ወደ ውሃ ማሞቂያ እያዞረ፣ በጄኔሬተሩ ላይ ያለው ጭነት ሁልጊዜ እኩል እንዲሆን ያደርጋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ማመንጫ ቤት ጥግ ሌሊቱን ሙሉ ለማንም ሳይሆን የሚሞቅ ውሃ ታገኛላችሁ። ይህንንም እንያዘው።

ትንሽ ማለት ስንት ነው?

አገሮች መስፈርታቸው ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ግን እስከ 10 ሜጋዋት ያለው “አነስተኛ” ይባላል። ከ100 ኪሎዋት በታች ያለው “ማይክሮ”፣ ከ5 ኪሎዋት በታች ያለው ደግሞ “ፒኮ” ነው። የእኛ የ19 ኪሎዋት ጅረት ማይክሮ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ በውሃ ኃይል መብራት ያገኘችው ከደቡቧ ከአቃቂ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋዋት ያህል አቅም አለው፤ በዛሬው መስፈርት አነስተኛ ነው። በኢሉባቦር የሶር (5 ሜጋዋት)፣ በባሌ የያዶት (0.35 ሜጋዋት)፣ እንዲሁም የደምቢ (0.8 ሜጋዋት) ማመንጫዎች ዋናው መስመር ሳይደርስ ለየአካባቢያቸው ከተሞች መብራት ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። በሲዳማ ደግሞ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በጎበቾ፣ በኤረርቴና በሀጋራ ሶዲቻ ከ7 እስከ 55 ኪሎዋት የሚያመነጩ የመንደር ጣቢያዎች ተተክለዋል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በአንዳንድ ሸለቆዎች የውሃ ወፍጮ ነበር።

የወፍጮአችንን ዘመድ ለማየት ወደ ኔፓል እንሻገር። የሂማላያ ገበሬም አግድም የተኛ የእንጨት መንኮራኩር ያለው ወፍጮ አለው፤ ጋታ ይለዋል። ኔፓል የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫዋን፣ 500 ኪሎዋት የሚሰጠውን ፋርፒንግን፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ስትመርቅ መብራቱ የካትማንዱ ቤተ መንግሥት ነበር። ወደ መንደር የወረደው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ የአገሬው ወርክሾፖች ጋታውን በብረት ማሻሻልና ትንሽ ተርባይን መሥራት ሲጀምሩ ነው። ዛሬ በኔፓል ተራሮች ላይ የተተከሉት የመንደር ማመንጫዎች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ለሰፈሩ ምን ይሰጣል?

ወደ 19 ኪሎዋታችን እንመለስ። 300 ቤት ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 60 ዋት ገደማ ይደርሰዋል። ይህ ለከተማ ሰው ምንም ነው፤ አንድ የውሃ ማሞቂያ እንኳ አያስነሳም። ነገር ግን 5 ዋት የሚወስድ የኤልኢዲ አምፖል በአራት ክፍል ቢበራ 20 ዋት ነው። ለሬዲዮ፣ ለስልክ ቻርጅ፣ ለትንሽ ቴሌቪዥን ይተርፋል። ኩራዝ ይወጣል፤ የላምባ ጭስ፣ ጥላሸትና የእሳት አደጋ አብረው ይወጣሉ። ልጅ ከእራት በኋላ ያጠናል። አዋላጇ ነርስ በባትሪ ብርሃን መሥራቷ ይቀራል፤ የክትባት ማቀዝቀዣም ቦታ ያገኛል።

“ለመብራትና ለስልክማ የፀሐይ ሰሌዳ አይበቃም ወይ?” የሚል ሰው ትክክል ነው፤ በብዙ ቦታ ይበቃል፣ ይረክሳልም። የውሃ ኃይል የሚለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ውሃ ሌሊትም ይፈስሳል፣ በደመናም ይፈስሳል፣ ሞተርም ያዞራል። የመንደር ሕይወት የሚለወጠው ደግሞ ከአምፖሉ ይልቅ በሞተሩ ነው። ወፍጮ ሩቅ በሆነበት ቦታ እህል ተሸክማ ሄዳ፣ ተራ ጠብቃ የምትመለሰው ሴት ወይም ልጅ ናት። ወፍጮው ሰፈር ሲገባ ያ ቀን ይመለስላታል። የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ብየዳ፣ የፀጉር ማስተካከያ፣ የዶሮ መፈልፈያ፣ የቡና መፈልፈያ ከወፍጮው ይከተላሉ።

እዚህ ላይ ያንን ለማንም ሳይሆን የሚሞቅ ውሃ እናስታውስ። ማመንጫው ቀንም ሌሊትም ቢሠራ በቀን 456 ኪሎዋት ሰዓት መስጠት ይችላል። ሰፈሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ ቢጠቀም፣ ሁሉንም እንኳ ቢያበራ፣ ከ100 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ ባክኖ ይቀራል ማለት ነው። ግድብ ስለሌለ ውሃው አይጠራቀምም፤ ዛሬ ያልሠራ ውሃ ነገ አይገኝም። መንደሩን ከኪሳራ የሚያወጣው ቀን ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ወፍጮው ከሚከፍለው ሒሳብ ነው የመብራቱ ጥገና የሚሸፈነው።

ስለ ምጣድም እውነቱን መናገር ይገባል። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። የእኛ ማመንጫ ሌላው ሁሉ ጠፍቶለት አምስት ምጣድ ብቻ ይችላል። ስለዚህ “የመንደር ማመንጫ መጣ፣ ማገዶ ቀረ” የሚል ተስፋ የሰጠ ሰው ሒሳቡን አልሠራም። የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፦ ኃይሉ በማይፈለግበት ሰዓት ሁለት ሦስት የጋራ ምጣድ አስቀምጦ በተራ መጋገር። ኔፓሎችም የምድጃን ችግር በራሳቸው መንገድ ሞክረውታል፤ በአናፑርና አካባቢ፣ ጋንድሩክ በተባለው መንደር፣ በትንሽ ዋት ቀስ ብሎ ቀኑን ሲሞቅ የሚውል የኤሌክትሪክ ድስት ሥራ ላይ አውለዋል። ሁለቱም ብልሃት አንድ ነው፤ ኃይሉን ማብዛት ሳይሆን ሰዓቱን ማከፋፈል።

ለአካባቢውስ?

የመጀመሪያው ጥቅም የሚቆጠር ነው። ያ መንደር ተመሳሳይ ሥራ በናፍጣ ቢሠራ ምን ይሆን ነበር? ቀን ወፍጮው በ8 ኪሎዋት ለስድስት ሰዓት፣ ማታ መብራቱ በ12 ኪሎዋት ለአምስት ሰዓት ቢሠራ በድምሩ 108 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከሲሶ ሊትር ጥቂት በላይ ስለሚጠጣ በቀን 38 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 11,400 ሊትር፣ ማለትም 57 ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ ከአንዲት መንደር በዓመት 30 ቶን ያህል ጭስ ይቀራል። በዚያ ላይ በርሜሉን በአህያና በአይሱዙ ማመላለስ፣ መሬት ላይ የሚፈሰው ዘይት፣ ወንዙን የሚያስረሳው የሞተር ጩኸት አለ። ኔፓል የመንደር ማመንጫዎቿን በአንድ ላይ አስመዝግባ በዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ያቀረበችው ይህንኑ ሒሳብ ይዛ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የማይደረገው ነገር ነው። ወንዙ አይገደብም። እርሻ፣ መቃብር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በውሃ አይዋጥም፤ ማንም ከቀዬው አይነሳም። ደለሉም በክረምቱ ጎርፍ ክትሩን አልፎ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ በአንድ ሐይቅ ውስጥ አይከማችም። ትልልቅ ግድቦች ለአገር የሚሰጡትን የመንደር ማመንጫ አይሰጥም፤ ፋብሪካና ከተማ በ19 ኪሎዋት አይኖሩም። ነገር ግን የግድብ ዕዳም አለ። ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ቆቃ የአዋሽን ተፋሰስ አፈር ሲቀበል ኖሮ የማጠራቀሚያ አቅሙ በእጅጉ ተቀንሷል። አባ ሳሙኤልም ቢሆን ወንዝ ላይ ያጠራቀመው ሐይቅ በደለልና በከተማው ፍሳሽ ተጎድቷል፤ ጣቢያው ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ቆይቶ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ ዳግም የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ማመንጫው ሰፈሩን ከተራራው ጋር ያስተሳስረዋል።

እንዴት? ከጠለፋው በላይ ያለው ተዳፋት ከተራቆተ የክረምቱ ዝናብ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ቦዩን በደለል ይሞላል፣ ተርባይኑን በአሸዋ ይሞርዳል። መሬት ውስጥ የሰረገ ውሃ ስለሌለ ደግሞ በበጋ ምንጩ ይቀጥናል። ተዳፋቱ እርከን ከተሠራለት፣ ከንክኪ ነጻ ሆኖ ሣርና ቁጥቋጦ ከያዘ፣ ያው ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የክረምቱ ጎርፍ ይለዝባል፣ የበጋው ፍሰት ይበረታል። ይህን ግብርና ባለሙያው ለዓመታት ሲያስተምር ኖሯል። ነገር ግን የእርከን ጥቅም በአሥር ዓመት የሚታይ፣ አንዳንዴም ከታች ላለ ለማይታወቅ ሰው የሚተርፍ ነገር ነው። ማመንጫ ባለበት ሰፈር ይለያል። የተራራው ጤና በመጋቢት ምሽት በየቤቱ አምፖል ላይ ይታያል። ፍየል ወደ ክልሉ የለቀቀ ሰው ያጎደለው የጎረቤቱን መብራት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ነው። እርከን መሥራት ዘመቻ መሆኑ ይቀርና የመብራት ጥገና ይሆናል።

ውሰቱ ሳይመለስ ሲቀር

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ከደንቡ ወደ መተላለፉ እንምጣ። “ግድብ የለውም” ማለት “ጉዳት የለውም” ማለት አይደለም። ከጠለፋው እስከ ማመንጫ ቤቱ ያለው የወንዙ አካል ውሃው የተወሰደበት ነው። ርቀቱ ጥቂት መቶ ሜትር ወይም ኪሎ ሜትሮች ሊሆን ይችላል። ሁሉም ውሃ ወደ ቦዩ ከገባ ያ ክፍል በበጋ ይደርቃል፤ ዓሣው ያልቃል፣ ከብት የሚጠጣው ያጣል፣ በዳርቻው ያለው ዛፍና አትክልት ይጠወልጋል።

ለዚህ የዓባይን ፏፏቴ፣ ጢስ እሳትን፣ ያህል ጎልቶ የሚታይ ምሳሌ የለንም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ ከፏፏቴው በላይ ጥቂት ውሃ ወስዶ ከበታች ይመልሳል፤ ፏፏቴውም እንደ ስሙ ይጤሳል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) 73 ሜጋዋት ያለው ሁለተኛው ሲጨመር ግን ወደ ቦዩ የሚዞረው ውሃ እጅግ በዛ። በበጋ ወራት ከሩቅ አገር ለማየት የመጣ ሰው በሰፊው ጥቁር ገደል ላይ ቀጭን ክር ብቻ እያየ ተመለሰ። ሁለቱም ማመንጫዎች ውሃውን ከታች ይመልሱታል፤ የተመለሰው ግን ፏፏቴውን ካለፈ በኋላ ነው። ጥያቄው ውሃው መመለሱ ብቻ እንዳልሆነ ያየነው እዚያ ነው፤ የት እንደሚመለስና እስኪመለስ ድረስ ለወንዙ ምን ተተወለት የሚለውም ነው።

መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው፤ የሚከብደው ማክበሩ ነው። ክትሩ ሲሠራ ከሥሩ ማንም ሊዘጋው የማይችል ቀዳዳ ይተውለታል። ወንዙ የራሱን ድርሻ ሳይወስድ ቦዩ አይጠጣም። ባለሙያዎች ይህን የሥነ ምህዳር ፍሰት ይሉታል፤ በአማርኛ የወንዙ ድርጎ ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል። የድርጎው መጠን ለየወንዙ ተጠንቶ ይወሰናል፤ በደረቁ ወር ድርጎው ተከፍሎ ለተርባይኑ የማይተርፍ ከሆነ ተርባይኑ ያርፋል። ይህን የማይቀበል ዕቅድ ቀድሞውኑ ከዚያ ወንዝ ልክ አልፏል ማለት ነው።

ሌላው ጠብ ከመስኖ ጋር ነው። ከማመንጫ ቤቱ በታች ያለ እርሻ ባለ ሲሳይ ነው፤ ከተርባይኑ የወጣው ውሃ ሳይጎድል ወደ መስኖ ቦይ ይገባለታል። በጠለፋውና በማመንጫው መካከል ያለው እርሻ ግን ተሻሚ ነው። በአገራችን የባህል መስኖ ባለበት በብዙ ቦታ ውሃ የሚያካፍል፣ ተራ የሚያስጠብቅ “የውሃ አባት” አለ። ማመንጫ ሲተከል ይህን ሰው ትቶ አዲስ ኮሚቴ ብቻ ማቋቋም ትልቅ ስህተት ነው። ቀን ለመስኖ፣ ማታ ለመብራት የሚል ስምምነት ከመሐንዲስ ይልቅ በውሃ አባት ይጸናል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ብዙ የመንደር ማመንጫዎች የሚቆሙት ውሃ ስላለቀባቸው አይደለም። ኩሽኔታ ያረጃል፣ ቀበቶ ይበጠሳል፣ መቆጣጠሪያው ይቃጠላል፤ መለዋወጫው ሩቅ ነው፣ በካዝና ገንዘብ የለም፣ የሠለጠነው ልጅ ከተማ ገብቷል። ማመንጫውን የለገሰው ድርጅት ከተመረቀ ማግስት ሄዷል። እንግዲህ ከተርባይኑ እኩል መሠራት ያለበት ነገር አለ፤ የሚከፈል ታሪፍ፣ የሚመረመር ሒሳብ፣ ከአንድ በላይ የሠለጠነ ኦፕሬተር፣ ቦይ የሚጠርግ ደቦ። ሕዝባችን ይህን አያውቅም አይባልም፤ ለቀብሩ ዕድር፣ ለገንዘቡ ዕቁብ አቋቁሞ ያለ አንዳች ሕንፃ ለትውልድ ያስተዳድራል። ማመንጫውም እንደ ዕድሩ ንብረት የሁሉ ሲሆን ይኖራል፤ “የመንግሥት ነው”፣ “የፕሮጀክት ነው” ሲባል ይሞታል።

ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረችው የገጠር ኢነርጂ ልማት ፕሮግራም ሥራውን የጀመረው ከሲሚንቶ ሳይሆን ከስብሰባ ነበር። ከየቤቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በየራሳቸው ማኅበር ገብተው፣ ቁጠባ ጀምረው፣ የት እንደሚጠለፍና ማን ስንት እንደሚከፍል ተስማምተው ነው ወደ ቁፋሮው የሚገባው። ሴቶቹ ለብቻቸው መሰብሰባቸው ለወጉ አልነበረም። ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ሸንጎ መጀመሪያ ስለ ቴሌቪዥን ያስባል፤ ሴቶች ያሉበት ሸንጎ ስለ ወፍጮ ይጠይቃል። ወፍጮው ደግሞ እንዳየነው የመብራቱ ቀላቢ ነው።

በመጨረሻም ዋናው መስመር ሲመጣስ? በስሪላንካ ብዙ የመንደር ማመንጫዎች የተተዉት የመንግሥት መስመር ሲደርስ ነው፤ ሰው ምጣድና ካውያ የሚችል ኃይል ሲያገኝ ትንሹን ማመንጫ ማን ይጠግነዋል? ኔፓል ግን ሌላ መንገድ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2018 በኑዋኮት አውራጃ 23 ኪሎዋት የሚያመነጭ የመንደር ጣቢያ ከብሔራዊው መስመር ጋር ተገናኘ። መንደሩ ሲጎድለው ከመስመሩ ይወስዳል፣ ሲተርፈው ለመስመሩ ይሸጣል። ያ ሌሊቱን ለማንም ሳይሆን ሲሞቅ የነበረው ውሃ ገዢ አገኘ። በኢትዮጵያም ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከፊሉን ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጪ ባሉ አማራጮች ለመድረስ ስላሰበ፣ ትንንሾቹ ማመንጫዎች ከተተከሉ በኋላ ስለሚጠብቃቸው ነገር ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ አንድ ሰፈር ወንዙን ተመልክቶ “እኛስ?” ቢል ከየት ይጀምር? ከተርባይን ዋጋ አይደለም። በመጋቢት ወር በርሜልና የእጅ ሰዓት ይዞ ወደ ጅረቱ ይውረድ። የለካው ውሃ የሁሉ ነውና በልቡ ይከፋፍለው፤ ይህን ያህል ለወንዙ፣ ይህን ያህል ለመስኖው፣ የቀረው ለተርባይኑ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ውሃው የመጣበትን ተራራ ይመልከት። ጅረቱ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ከዘንድሮው ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው፤ የመብራቱ ቆጣሪም ከማመንጫ ቤቱ ይልቅ እዚያ ተዳፋት ላይ ተተክሏል።